ጦርነቱ ሳያልቅ የገባ ሰው

ትጥቅ ስለማስፈታት የተጻፈ መመሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ቀድሞ ያስባል፤ ጦርነቱ አልቋል ብሎ። ተፋላሚዎቹ ተፈራርመዋል፣ አዛዦች የተዋጊ ዝርዝር አስገብተዋል፣ መሐል ላይ ታዛቢ ቆሟል። ከዚያ ሥራው በተራ ይሄዳል፦ መሣሪያ ይሰበሰባል፣ ጦሩ ይበተናል፣ የተበተነው ይቋቋማል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የተቀናጀ መመሪያ የተሰናዳው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲከለስ፣ የሰላም ስምምነት በሌለበት አገር ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ሰፋ ያለ ቦታ አገኘ። ዘግይቷል። በሶማሊያና በናይጄሪያ ሰዎች ተኩሱ ሳይቆም ከጫካ መግባት ከጀመሩ ዓመታት አልፈው ነበር።

እኛ ጥያቄውን የምናየው ከአንድ ከተማ ተነሥተን ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። የጣርማ በርንና የደብረ ሲናን ብርድ አልፎ ለወረደ መንገደኛ ሹራብ የሚያስወልቅ ቆላ ናት። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ማንጎ ይጫንባታል፤ ስሟ ሲነሣ ግን ብዙ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚያስበው እስር ቤቷን ነው። ዙሪያዋ የቀወት ወረዳ፣ ሰፋ ሲል ደግሞ የድሮው የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ነው። በዚህ ቆላ ጠመንጃ የያዘ ሰው “አስቀምጠህ ና” ሲባል የሚሰማውን ካልተረዳን፣ የትኛውም የማቋቋሚያ ዕቅድ ለምን እንደሚሰናከል አይገባንም።

መጀመሪያ ግን አገራችን በዚህ ሥራ እንግዳ አለመሆኗን እንይ። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ በአፍሪካ ከነበሩት ግዙፍ ሠራዊቶች አንዱ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። ወታደሩ በየመንገዱ፣ ከፊሉ መሣሪያውን እንደያዘ፣ ከፊሉ በዳቦ ለውጦ፣ ወደየቤቱ አቅጣጫ ጉዞ ጀመረ። ሳይውል ሳያድር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ በሬዲዮ ጥሪ አደረገ። 455,000 ገደማ የሚሆኑ የቀድሞው ጦር አባላት በዚህ መንገድ ተሰናበቱ። በኋላ 22,000 የሚሆኑ የኦነግ ተዋጊዎችና ወደ 29,000 የሚጠጉ የኢሕአዴግ ታጋዮች ሲጨመሩ ድምሩ ከግማሽ ሚሊዮን ዘለለ። የዓለም ባንክ ጥናት ያካሄደበት፣ ለሌሎች አገሮችም ምሳሌ የተደረገ ሥራ ነው።

ለምን ተሳካ? ገንዘብ ስለነበረ አይደለም፤ ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ወደ ገጠር የተመለሰው ወታደር ቀበሌው የሚቆርስለት መሬት ነበረው፤ ዘር፣ በሬ ወይም የእርሻ መሣሪያና ለጥቂት ወራት ስንቅ ሲጨመርለት ሌላው ሁሉ ገበሬ የሚኖረውን ኑሮ ይዞ ተቀመጠ። ከዚያም በላይ አብዛኛው በብሔራዊ ውትድርና ከየቤቱ ተለቅሞ የሄደ ልጅ ስለነበር መንደሩ የተቀበለው እንደ ጠፋ ልጅ እንጂ እንደ ጠላት አይደለም። ዋናው ነገር ግን በጥናቶቹ ውስጥ እንደ ቀላል የሚታለፈው ነው፦ “ከዳኸን” ብሎ የሚያሳድደው አልነበረም። ደርግ ጠፍቷል። ጫካ የቀረ አዛዥ፣ የሚፈረድበት የሌሊት ችሎት አልነበረም። መሬት ያልነበረው የከተማ ወታደር ግን ያንን ዕድል አላገኘም፤ የተሰነጠቀ የወታደር ካፖርት ለብሶ በአዲስ አበባ አደባባዮች ሲለምን ያየ ትውልድ ዛሬም በሕይወት አለ።

ሁለተኛው ዙር ከኤርትራው ጦርነት በኋላ ነው። የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 1993 ተፈረመ፤ የዓለም ባንክ ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ መድቦ 150,000 ገደማ ወታደሮች ተሰናበቱ። የመደበኛ ጦር ስንብት ስለነበር ብዙ አያቆየንም።

ሦስተኛው የሰሜኑ ጦርነት ውላጅ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ፣ ኅዳር 3 ቀን ደግሞ ናይሮቢ ላይ የተፈረሙት ሰነዶች ትጥቅ መፍታትን ቀን ቆርጠው አስቀመጡ። በዚያው ዓመት ጥር ወር የትግራይ ኃይሎች ከባድ መሣሪያ አጉላዕ ላይ በአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ፊት አስረከቡ። በደንብ ቁጥር 525/2015 የተቋቋመውና በመጀመሪያ በአምባሳደር ተሾመ ቶጋ የተመራው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በሰባት ክልሎች 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ሊያቋቁም ዐቀደ፤ አብዛኞቹ የትግራይ ናቸው። የመጀመሪያው ዙር፣ 75,000 ሰዎችን የሚመለከተው፣ መቐለ ላይ የተጀመረው ኅዳር 12 ቀን 2017 ነው። ስምምነቱ ከተፈረመ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። የዘገየበት ምክንያት ገንዘብም ፖለቲካም ነው። ቢሆንም እዚያ ቢያንስ ግንባሩ ዝም ብሎ ነበር።

ኮሚሽኑ መቐለ ላይ ሥራ በጀመረበት በዚያው ኅዳር፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት መካከል ያለው ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ያው ቃል፣ ያው ደንብ፣ ያው አገር፤ ሁኔታው ግን ሌላ።

ግንባሩ ዝም ሳይል ተዋጊን መሰብሰብ ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ የቆየ ታሪክም አለን። ከደርግ ውድቀት በኋላ የሽግግሩ መንግሥት አባል የነበረው ኦነግ ጦሩን በካምፕ ለማስፈር ተስማማ። በሰኔ 1984 የአካባቢ ምርጫ ዋዜማ ድርጅቱ ከምርጫው፣ ቀጥሎም ከመንግሥቱ ወጣ። ይህን ጊዜ ካምፕ የሰፈረው ጦር ምን ሆነ? ቁጥሩ የታወቀ፣ ያለበት የታወቀ፣ አንድ ቦታ የተከማቸ ጦር ሆኖ ተገኘ። ብዙው በአጭር ጊዜ ተማርኮ እንደ ደዴሳና ሁርሶ ባሉ ካምፖች ታሰረ፤ በኋላ ኮሚሽኑ ያቋቋማቸው ናቸው የተባሉት 22,000 ሰዎች ከዚሁ ወገን ናቸው። ለሰላም የተሠራ ካምፕ፣ ሰላሙ ሲፈርስ፣ ወጥመድ ይሆናል። ከ26 ዓመት በኋላ፣ ጥር 16 ቀን 2011 አምቦ ላይ አባ ገዳዎች ባሉበት የኦነግ ተዋጊዎች ወደ ካምፕ እንዲገቡ ስምምነት ሲደረግ ከፊሉ ገባ፤ ከፊሉ በምዕራብ ኦሮሚያ ጫካ ቀረ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይጠቀሳል፤ የ1984ቱ ትዝታ ግን ሳይሠራበት አልቀረም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ይፋት እንውረድ። ሮቢ፣ ጀውሃና አጣዬ የሚባሉት ወንዞች ከመንዝ ደጋ ጫፍ ተነሥተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ከምዕራቡ ገደል አማራው፣ በተዳፋቱ አርጎባው፣ በስተሰሜን በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በጅሌ ጥሙጋና በአርጡማ ፉርሲ ኦሮሞው፣ በስተምሥራቅ ሜዳው ላይ አፋሩ ይኖራል። የሰንበቴ የእሑድ ገበያ እነዚህን ሁሉ አንድ ቀን አንድ ሜዳ ላይ የሚያገናኝ ነው፤ ግመል፣ ማሽላ፣ በርበሬ፣ ጨው። ከይፋት ሱልጣኔት ዘመን ጀምሮ አካባቢው የንግድ መተላለፊያ ነው። መተላለፊያ የሆነ ቦታ ደግሞ መንገዱን የሚፈልገው ሁሉ ይመላለስበታል።

በመጋቢትና ሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጠለች። ግጭቱ ሸዋ ሮቢትን፣ ካራቆሬን፣ ማጀቴን፣ የጅሌ ጥሙጋን ቀበሌዎች አዳረሰ። በመጋቢቱ ብቻ ከ300 በላይ ሰው መሞቱን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አስታወቀ፤ አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ። በኅዳር 2014 የትግራይ ኃይሎች ሸዋ ሮቢትን ያዙ፤ ኅዳር 22 ቀን መንግሥት ከተማዋን ማስለቀቁን ገለጸ። በጥር 2015 ጀውሃና አጣዬ ላይ እንደገና ደም ፈሰሰ። የአማራ ነዋሪዎች ጥቃቱን የፈጸመው መንግሥት ሸኔ የሚለው፣ ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው ኃይል ነው ይላሉ። የልዩ ዞኑ ነዋሪዎች ደግሞ ጣታቸውን በአማራ ልዩ ኃይልና በፋኖ ላይ ይቀስራሉ። የቱም ወገን ቢጠየቅ መሣሪያ የያዝኩት ልጠበቅበት እንጂ ላጠቃበት አይደለም ነው የሚለው። ከብዙ ሰው አንጻር እውነቱን ነው።

ስለዚህ በዚህ ቆላ አንድ ክላሽ ሁለት ሥራ አለው። ቀን ላይ የፖለቲካ ነው፤ ከመንግሥት ጋር የሚደረገውን ጦርነት ይዋጋል። ሌሊት የቤት ዘበኛ ነው። ዋጋው ከጥንድ በሬ ይበልጣል፤ ገበሬው በሬውን ሸጦ የሚገዛበት ምክንያት የትኛውም የፓርቲ ፕሮግራም ላይ አይገኝም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም፣ በይፋት የመሣሪያውን ዕጣ የወሰነው አዋጁ ሳይሆን የአጣዬ ጭስ ነው።

መጋቢት 28 ቀን 2015 የፌዴራሉ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲበተኑ ወሰነ። እንደ ትጥቅ ማስፈታት ባይጠራም ከደርግ ወዲህ በአማራ ክልል ትልቁ የመበተን ሥራ ይህ ነበር። ምርጫው በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፦ መከላከያ፣ የፌዴራል ፖሊስ፣ የክልል ፖሊስ፣ ካልፈለገም ሲቪል ኑሮ። ክፋቱ ጊዜው ነበር። ከፕሪቶሪያ አምስት ወር፣ ከጀውሃው ግጭት ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ፣ ሕዝቡ “ማን ሊጠብቀን ነው?” እያለ ሳለ፣ ጠባቂዬ ያለው ኃይል ፈረሰ። ተቃውሞ ተነሣ። ከአባላቱ ብዙዎች መሣሪያቸውን እንደያዙ ወጡ። ሚያዝያ 19 ቀን የክልሉ የብልጽግና ፓርቲ ኃላፊ ግርማ የሺጥላ በዚሁ በሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ ተገደሉ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያ ሰሞን ውጊያ ተካሂዶባቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው ከተሞች አንዷ ሸዋ ሮቢት ናት። ልዩ ኃይሉ መበተኑ ልክ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ለሌላ መጽሐፍ ይሁን። ለእኛ ግን የማያከራክር ነገር አለ፦ የመንደሩን ጥበቃ ሳትተካ የመንደሩን ጠባቂ ከበተንህ፣ የበተንኸው ሰው የሚገባበት ሌላ ጦር ታዘጋጃለህ።

የገባውን ሰው አሁን በቅርበት እንመልከተው። ሰውየው በእኔ የተፈጠረ ነው፤ ያለበት ሁኔታ ግን አይደለም። የቀወት ገጠር ልጅ ነው እንበል፤ ዕድሜው 24። ፋኖን የተቀላቀለው በ2015 ክረምት ነው። የአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ስለሆነ፣ እሱ ሳይወለድ መሬቱ ተደልድሎ አልቋል። አሁን ደክሞታል፤ ወይም ቆስሏል፤ ወይም ከአለቃው ጋር ተጣልቷል፤ ወይም እናቱ ታማለች። ለመግባት ከሚወስኑ ሰዎች ውስጥ በአቋም ለውጥ የሚገባው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚገባው በእንዲህ ባለ ምክንያት ነው። የክልሉ መንግሥት የሰላም ጥሪ እንዳደረገ በሬዲዮ ሰምቷል።

መጀመሪያ ማንን ያናግር? በቀጥታ ወደ መከላከያ ካምፕ ቢሄድ ሲቀርብ ሊተኩሱበት ይችላሉ። ስለዚህ በአጎት፣ በቄስ ወይም በሼህ፣ በቀበሌ ሊቀ መንበር በኩል መልእክት ይልካል። ያ አጎት ከዚህች ቀን ጀምሮ አደጋ ላይ ነው። ሰውየው ገባ እንበል። ይመዘገባል፣ ክላሹን ያስረክባል፣ ብዙ ጊዜም ካሜራ ፊት ይቆማል፤ መሣሪያው መሬት ላይ ተደርድሮ፣ ሰዎቹ ከኋላ ቆመው፣ ማታ በዜና ይታያል። ለመንግሥት የድል ዜና ነው። ለሰውየው ግን የፊቱ ምስል ትናንት አብሮት ያደረው ጓድ ስልክ ላይ ደረሰ ማለት ነው። በዚያች ማታ ወደ መንደሩ የሚመለስበት መንገድ ተዘጋ። ካሜራው ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ ሌሎችም እንዲገቡ ማሳየት ነው። ጫካ ያለው ሰው ግን ከዚያ ምስል የሚያነበው ሌላ ነው።

ቀጥሎ ይጠየቃል። ማን አለ? የት ናችሁ? መሣሪያ ከየት ይመጣል? ለጦር ሠራዊት ይህ ተፈጥሯዊ ጥያቄ ነው። ግን መልሱ በማግስቱ ዘመቻ ከሆነ፣ ሰውየው ከተመላሽነት ወደ መንገድ መሪነት ተሸጋገረ። ኮሎምቢያ ይህን በሰፊው ሞክራዋለች። ከ2002 ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ከፋርክና ከሌሎች ቡድኖች በግል ጥለው ለገቡ በርካታ ሺህ ተዋጊዎች መንግሥት ለመረጃና ለመሣሪያ ጉርሻ ይከፍል ነበር። ሽምቁን አዳክሟል። የመረጃው ሒሳብ ግን የተከፈለው በተመላሹና በቤተሰቡ ነው፤ ብዙዎቹ የተወለዱበት ገጠር መመለስ ስላልቻሉ በቦጎታና በሜዴሊን ዳርቻ ሰፈሩ። የማቋቋሙን ሥራ የሚመራው ክፍል ከጊዜ በኋላ ራሱን ችሎ መቆሙ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ አንድ ተጨማሪ ሽፋን አለው። ከመስከረም 18 ቀን 2017 ጀምሮ በአማራ ክልል የጅምላ እስር ተካሄደ፤ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ምሁራን፣ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ተያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ሰዎቹ የታጎሩባቸው ናቸው ብሎ ከጠቀሳቸው አራት ካምፖች አንዱ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሌሎቹ ዳንግላ፣ ሰራባና ኮምቦልቻ። የተያዙት “የተሃድሶ ሥልጠና” ይሰጣቸው ነበር። በፈቃዱ የሰላም ጥሪ ተቀብሎ ለገባውም የሚሰጠው የተሃድሶ ሥልጠና ነው። ከጫካ ሆኖ ለሚያይ ሰው በመግባትና በመታሰር መካከል ያለው ድንበር የት እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። የማስፈታት ፕሮግራም ዋነኛ ሀብቱ መታመን ነው፤ ሰው ካለፍርድ ቤት በሚታሰርበት ከተማ፣ ካለፍርድ ቤት የመለቀቅ ቃል ክብደት አያገኝም። በሶማሊያ የገባ የአልሸባብ ሰው መጀመሪያ ይጣራል፤ ዝቅተኛ አደጋ አለው የተባለው ሞቃዲሾ ወዳለው የሰረንዲ ማዕከልና መሰሎቹ ሲሄድ፣ ከባድ ወንጀል የተጠረጠረው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ማጣሪያው የሚሠራው በስለላው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ብዙ ተተችቷል። ቢያንስ ግን ሁለቱ በር የተለያየ ነው።

ከሥልጠናው በኋላስ? ልጃችን ሦስት መንገድ ነው ያለው። አንደኛው፣ ከተማ ተከራይቶ መቀመጥ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ብርሃን፣ ካለ ሥራ፣ በየቀኑ እየተገላመጠ። ሁለተኛው፣ ሚሊሻ ወይም አድማ ብተና ገብቶ እንደገና መታጠቅ ነው። ይህኛው ሰውየውን ከብቀላ ይጠብቀዋል፣ ደመወዝም አለው፤ ስለዚህ ሲመርጠው አልፈርድበትም። ነገር ግን ትጥቅ ፈታ የተባለው ሰው ግንባር ቀይሮ ታጠቀ እንጂ አልፈታም። ሦስተኛው መንደሩ መመለስ ነው፤ ይህ የሚሆነው መንደሩን ቀንም ሌሊትም የሚቆጣጠረው አንድ ኃይል ከሆነ ብቻ ነው። በይፋት ገጠር በብዙ ቦታ ቀኑ የአንዱ፣ ሌሊቱ የሌላው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። የድሮዎቹ ነገሥታት ሸፍቶ ለገባ ሰው ምሕረት ብቻ አይሰጡም ነበር፤ ሹመት ይሰጣሉ፣ ልጃቸውን ይድራሉ። ቋረኛው ካሳ ሸፍቶ ሲያስቸግር ራስ አሊ ልጃቸውን ተዋበችን ድረው በአገሩ ላይ ሾሙት። ያ ማቋቋሚያ እንዴት እንዳለቀ የታወቀ ነው፤ አማቹ አጼ ቴዎድሮስ ሆነ። በጣሊያን ጊዜም በዚሁ በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ በ1932 ግድም ከጠላት ጋር “ልግባ” የሚል ድርድር ይዘው ጊዜ ገዙበት፤ አልገቡም። ጫካ ያለም ከተማ ያለም ይህን ታሪክ ያውቃል። ድርድር ሲነሣ አንዱ ወገን ሌላውን የሚጠረጥረው ከክፋት ብቻ አይደለም።

ጉዳቱ የደረሰበት ሕዝብስ? ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 “ደኅንነቱ የተጠበቀ መተላለፊያ” የሚል ዘመቻ አቋቁማ የቦኮ ሐራምን ተመላሾች በጎምቤ ግዛት ካምፕ ለወራት ታሠለጥን ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ ችግሩ ተጀመረ፤ ልጃቸውን ያጡት የቦርኖ መንደሮች “ለገዳዩ ሙያ ተሰጠው፣ እኛ አሁንም ድንኳን ውስጥ ነን” አሉ። የአጣዬ ቤት የተቃጠለበት ሰው ለታጣቂ መቋቋሚያ ሲከፈል ቢያይ ሌላ ምን ይላል? ሰሜን ኡጋንዳ በዚህ ረገድ ትሻላለች። የ2000ው (እ.ኤ.አ.) የምሕረት ሕግ የጌታ ተከላካይ ሠራዊት ጦርነት በተፋፋመበት ወጥቶ በመላ አገሪቱ ከ26,000 በላይ ሰው የምሕረት ወረቀት ተቀበለ። መንደሩም የራሱን ሥርዓት ጨመረበት፤ ተመላሹ ደጃፍ ላይ እንቁላል ረግጦ ይገባ ነበር። ሕዝቡ የተቀበላቸው አንዱ ምክንያት ብዙዎቹ ታፍነው የተወሰዱ ልጆች ስለነበሩ ነው፤ ልክ እንደ እኛ የ1983 ምልምሎች። ይፋት ውስጥ የተዋጋው ግን በአብዛኛው በፈቃዱ የወጣ ነው፤ ሟቹም ገዳዩም በስም ይተዋወቃሉ። ስለዚህ እርቁ በጅምላ አይሆንም፤ ደም በደም፣ ቤት በቤት፣ በጉማና በሽማግሌ ነው። ወሎና ይፋት ለዚህ አበጋሮች አሏቸው፤ ሃይማኖት ሳይለዩ ደም የሚያደርቁ። ችግራቸው አንድ ነው፤ እርቅ የሚሠሩት ለሟች ቤተሰብና ለገዳይ ቤተሰብ ነው፤ ለገዳይ ድርጅትና ለመንግሥት እርቅ የሚሠራ አበጋር የለም።

ለዚያኛው ሌላ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ እስካሁን የታዩት ጠረጴዛዎች ግን ቁርጥራጭ ናቸው። የአማራ ክልል የሰላም ካውንስል በሰኔ 2016 ተቋቁሞ ጥሪ አደረገ። ኅዳር 22 ቀን 2017 የኦሮሚያ ክልል ከኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ወገን ከጃል ሰኚ ነጋሳ ቡድን ጋር ተፈራረመ፤ በጃል መሮ የሚመራው ዋናው ኃይል አልነበረበትም። በኅዳር 2018 ደግሞ የአማራ ክልል ከአማራ ፋኖ ሕዝባዊ ድርጅት ወገን ከካፒቴን ማስረሻ ሰጤ ጋር የአፍሪካ ኅብረትና ኢጋድ ባሉበት ስምምነት ፈረመ፤ ሌሎቹ የፋኖ አደረጃጀቶች ውጊያውን ቀጠሉ። እንዲህ ያለ ስምምነት ከንቱ ነው አልልም። የገባው ሰው ሕይወቱ ይተርፋል፤ ያ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ከአንድ ሠፈር ግማሹ ገብቶ ግማሹ ሲቀር፣ በገባውና በቀረው መካከል አዲስ ደም ይከፈታል። የከፊል ስምምነት ትልቁ ወጪ ይህ ነው፤ በጀት ላይ ግን አይጻፍም።

ታዲያ በሸዋ ሮቢት ሁኔታ ምን ይቻላል? እንደ እኔ የመመሪያው ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መሣሪያው መጀመሪያ ከተጠየቀ የሚመጣው የተሰበረውና የዛገው ነው፤ ጥሩው ይቀበራል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የገባ ሰው ሳይገደል የሚያድርበት ቦታና ሕግ ነው፦ ከእስር ቤቱ የተለየ አጥር፣ በፍርድ ቤት የሚታወቅ የምሕረት ወረቀት፣ ያለ ካሜራ ምዝገባ፣ የስም ዝርዝሩም ከጦሩ እጅ ውጭ። ከዚያ ኑሮ። መሣሪያው በመጨረሻ፣ ያውም በአንድ ወገን ሳይሆን በጀውሃ ወንዝ ግራና ቀኝ በአንድ ሳምንት። የቀወቱ ሰው የሚያስረክበው የጅሌ ጥሙጋው ማስረከቡን በዓይኑ ሲያይ ነው፤ የጅሌ ጥሙጋውም እንደዚያው። በአንዱ ዞን የተጀመረ ዘመቻ ወደ ሌላው ሳይሻገር ሁለት ወር ከቆየ፣ ያ ሁለት ወር ለጥቃት የተሰጠ ቀጠሮ ሆኖ ይታያል።

እስከዚያው መካከለኛ መንገድ አለ። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2007 የማዖኢስቶቹን መሣሪያ ከመውረስ ይልቅ በየካምፑ ኮንቴይነር ውስጥ አስቀምጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት እየተከታተለ፣ ቁልፉን ለራሳቸው ለማዖኢስቶቹ ተወች። 19,000 ከሚበልጡ ተዋጊዎች ጋር የተደረገው ይህ ነገር ሲሰሙት ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ሠራ። ሰው የራሱ ቁልፍ ያለበትን ሣጥን ለመስበር አይቸኩልም። ኔፓል ውስጥ ስምምነት ነበረ፤ እዚህ የለም፤ ስለዚህ እንዳለ አይቀዳም። ነገር ግን የቀበሌ መጋዘን፣ ሁለት ቁልፍ፣ አንዱ በመንግሥት አንዱ በሁለቱም ወገን በተመረጡ ሽማግሌዎች እጅ፣ ቢያንስ የቤት ዘበኛውን ክላሽ ከውጊያው ክላሽ ለመለየት ይጠቅማል። ገበሬው ሠፈሩ ሲጠቃ መሣሪያውን በሽማግሌ ፊት ማውጣት እንደሚችል ካወቀ፣ ዛሬ ማታ ትራስ ሥር የሚያስቀምጥበት ምክንያት ይቀንሳል።

የመቋቋሚያው ነገር ከሁሉ ቀላሉ መሆን ሲገባው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በቀን አቆጣጠር ነው። ይፋት ማሾ ያበቅላል፤ ለውጭ ገበያ የሚሄድ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር የሚደርስ፣ ትንሽ ዝናብ የሚበቃው እህል ነው። በሐምሌ የተዘራ በመስከረምና በጥቅምት ገንዘብ ይሆናል። የበጀት ዓመት የሚጀምረው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ወርዶ ተመላሹ እጅ ሲገባ ኅዳር ይሆናል። ማሾው አምልጦታል። ያን ጊዜ ያለው የመስኖ ሽንኩርት ነው፤ ለሽንኩርት ሮቢ ወንዝ ዳር መሬትና ውኃ መሳቢያ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ልጁ መሬት የለውም። ጥሬ ብር ከሚሰጠው ይልቅ ሦስት አራት ሆነው አንድ ፓምፕ ቢሰጣቸው ባለ መሬቱን በእኩል ሊያናግሩ ይችላሉ፤ ፓምፕ ያለው ሰው በቀወት ቆላ ተፈላጊ ነው። የተቃጠለበት ጎረቤቱም እዚያው ቡድን ውስጥ ገብቶ አንድ ፓምፕ ቢጋሩ ማን ምን ተሰጠው የሚለው ሐሜት ይቀንሳል። ለዚህ ኮሚሽኑ ከአዲስ አበባ ባለሙያ መላክ አያስፈልገውም፤ የወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት የትኛው መሬት በየትኛው ወር ውኃ እንደሚያገኝ ያውቃል፤ የልማት ሠራተኛው ግን ወደ ቀበሌው መግባት መቻል አለበት፣ ማደርም።